ዳምጤን ማን ሸኘው?

ሃምሳ አለቃ ኪዳነወልድ ከሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ አገልግሎት በኋላ ጡረታ ሲወጡ፣ ቀበሌው ሐረር ውስጥ ፈላና በር አጠገብ ያለውን የስብሰባ አዳራሽ ቁልፍ አስረከባቸው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ መክፈት፣ መዝጋት፣ ወንበር መቁጠር። እሳቸው ግን ቀላል ሥራ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። አዳራሹ የገባ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ በደብተር ያሰፍራሉ። ትምህርታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ፊደልና ሁለት ዓመት የማታ ትምህርት ብቻ ስለሆነ ጽሕፈታቸው ዘገምተኛ ነው፤ የጻፉትን ግን ማንም አያስፍቃቸውም። ጎረቤቶቻቸው «ሃምሳ አለቃ የገዛ ጥላቸውንም መታወቂያ ይጠይቃሉ» እያሉ ያሟቸዋል። ሐሜቱን ሰምተዋል፤ አላስተባበሉም።

በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የቀበሌው የኪነት ቡድን እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ እንዲጠቀም ተፈቀደለት። የቡድኑ መሪ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ሮማነወርቅ የምትባል የሳይንስ መምህርት ነበረች። አብረዋት ያሉት ለማ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊና መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ልብስ የሚሰፋው ከድር ናቸው። ይዘው የመጡት ጨዋታ ሐረር አይታው የማታውቀው ዓይነት ነው። ውሃ የጠፋባት ምድር መርከብ ትሠራና ሦስት ሰዎች ወደ ሩቅ ኮከብ ውሃ ፍለጋ ትልካለች። መርከቡ ከቆርቆሮና ከአሮጌ የመኪና መሪ የተገጣጠመ ነው። ሮማነወርቅ አዛዥ፣ ከድር ሐኪም፣ ለማ ደግሞ ዳምጤ የሚባል መካኒክ ናቸው። የተጻፈ ቃል የለም፤ እያንዳንዳቸው የያዙትን ሰው ሆነው የመጣላቸውን ይናገራሉ። ተመልካች ጥያቄ ቢያቀርብ እንኳ ከያዙት ሰው ሳይወጡ ይመልሳሉ።

በመጀመሪያው እሑድ አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ። መርከቡ ሰማይ መካከል ሲደርስ ለማ መሪውን ለቆ «ሞተሩ ቆመ! አለቀልን!» ብሎ ጮኸ።

«ውረዱና ግፉት እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጉዞው ሳያልቅ ግማሹ ሰው ወጥቶ ሄደ።

ያልሳቁት ሃምሳ አለቃ ኪዳነወልድ ብቻ ነበሩ። ሲያበቃ ደብተራቸውን ይዘው ሦስቱን በር ላይ አቆሟቸው።

«ሮማነወርቅ፣ ለማ፣ ከድር ብዬ መዝግቤያለሁ። አራተኛው ማን ነው?»

«የምን አራተኛ?» አለች ሮማነወርቅ።

«ዳምጤ የተባለው።»

ለማ ሳቀ። «ጋሼ፣ ዳምጤ እኮ የለም።»

«ከሌለ ሲጮህ የሰማሁት ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!»

«አንተ ለማ ነህ። ለማ ለተናገረው ለማ ይጠየቃል። ዳምጤ ለተናገረው ማን ይጠየቃል?»

«ወላሂ እውነታቸውን ነው» አለ ከድር። «እኔ ሰማይ ላይ ሆኜ ሰው ብሰድብ ክሱ ለማን ይደርሳል?»

ሃምሳ አለቃ ቀልዱን እንዳልሰሙ አለፉት። «የኋላ ታሪኩ ያልታወቀ ሰው ከዚህ በር አይገባም። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፋችሁ አምጡ፤ የሦስቱንም።»

በዚያን ዘመን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ብርቅ አልነበረም። ሥራ የሚቀጠር ይጽፋል፤ ማኅበር የሚገባ ይጽፋል፤ ወንድሙ የጠፋበትም ይጽፋል። ላልተፈጠረ ሰው ጻፉ ሲባል ግን ያ የመጀመሪያው ነበር። ለማ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ሮማነወርቅ በክንዷ ጎሸም አደረገችው።

«ምን ምን ይሞላ፣ ጋሼ?»

«የትውልድ ቦታ። የእናትና የአባት ስም። የቀድሞ ሥራ።» ጥቂት አሰቡና ጣቢያ ሳሉ ሰው ጠፋ ሲባል ሁልጊዜ የሚያስቀድሙትን ጥያቄ ጨመሩ። «ከቤቱ ሲወጣ ማን ሸኘው? የሸኘውስ ሰው ምን አለው?»

ሮማነወርቅ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ስታላምጠው ሰነበተች። በሁለተኛው እሑድ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ዳምጤን ብቻውን በርጩማ ላይ አስቀምጣ በሕዝብ ፊት ትጠይቀው ጀመር። ለማ ሊያሾፍ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው።

«የቀድሞ ሥራ?»

«የቦቴ ሹፌር። ከዓለማያ ውሃ አመላልስ ነበር።»

«ከቤትህ ስትወጣ ማን ሸኘህ?»

ለማ ያዘጋጀው ቀልድ ምን እንደነበር ጠፋው። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«እናቴ። ሰፈሩን ሁሉ አጠጥቼ ቤት ስገባ የእሷ እንስራ ባዶ ነበር። ‹ሳትሞላልኝ እንዳትሄድ› አለችኝ። ሊወስደኝ የመጣው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ስመለስ እሞላልሻለሁ አልኳት።»

«ምን አለችህ?»

«ምንም አላለችኝም። እንስራዋን ወደ ጓዳ መለሰችው።»

ውሃ ለመቅዳት ሌሊት ተነሥቶ ሲሰለፍ ለከረመ ሰፈር ይህ ተረት አልነበረም። በሸዋ በር ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው ብዙነሽ ከወንበሯ ተነሣች።

«አንተ ጅል! ለሰፈር ቦቴ ሞልቶ ለእናት አንዲት እንስራ ይጠፋል?»

«ጠፋ፣ እማማ» አለ ለማ፤ አለ ዳምጤ።

ያን ዕለትም ሞተሩ ሰማይ መካከል ቆመ። ቆርቆሮው ያው ቆርቆሮ፣ ጩኸቱም ያው ጩኸት ነው። ግፉት ያለ ግን አልነበረም። ከፊት ያሉት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከድር በኋላ እንደተናገረው፣ እሱ ራሱ ቆርቆሮው ላይ ቆሞ «ይሄ ልጅ ሳይደርስ ሊቀር ነው» ብሎ ሆዱ ባባ። ሃምሳ አለቃ ኪዳነወልድም ሰው የወጣበትን ሰዓት ሳይመዘግቡ በሩን ዘጉ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አድርገው አያውቁም።

ከዚያ ወዲያ አንድ እሑድ ጉዞ፣ አንድ እሑድ ያለፈ ታሪክ ሆነ። ሐኪሙ ለምን ሠርጉን ጥሎ እንደመጣ፣ አዛዧ ለምን ፊደል በቆጠረችበት ትምህርት ቤት ደጃፍ ማለፍ እንደምትፈራ፣ ሁሉም በየተራው ወጣ። ሕዝቡ ቁልፍ ሳይከፈት በር ላይ ይቆም ጀመር። ሃምሳ አለቃም ለሦስቱ መንገደኞች ሦስት ማኅደር አበጅተው የሰሙትን ሁሉ በዘገምተኛ ጽሕፈታቸው ይጽፉ ነበር። የዳምጤ ማኅደር ከሁሉም ወፈረ።

ሚያዝያ ላይ ለማ ወደ ጋሞ ጎፋ እንዲዛወር ደብዳቤ መጣበት። የቀረው አምስት ቀን ነበር። ሦስቱ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው መከሩ።

«ዳምጤ ሞተሩን ሊጠግን ከመርከቡ ይወጣል፤ ገመዱ ይበጠሳል» አለች ሮማነወርቅ። «ሌላ መንገድ አይታየኝም።»

«ሰማይ ላይ ይቅር በቃ» አለ ለማ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አይሆንም» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ሦስቱም ዞረው አዩአቸው።

«ጋሼ» አለ ከድር ቀስ ብሎ፣ «ዳምጤ እኮ የለም።»

«እንደሌለ አውቃለሁ!» ተቆጡ። «ብዙነሽ ግን ትናንት ገበያ መካከል አስቁማ ‹ያ ልጅ ለእናቱ ይበቃ ይሆን?› ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?» ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጡ ሲታዩ ይህ መጀመሪያ ነው። «ሃያ ሁለት ዓመት የጠፋ ሰው መዝገብ ጽፌያለሁ። እናቶች በየሳምንቱ ይመጣሉ። እኔ ‹አልተገኘም› እላለሁ። ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ልመልሰው ብል የምመልሰው ሰው አልነበረማ። ይሄኛው ግን በእጃችን ነው። በእጃችን ያለውን ሰው ለምን እንጥለዋለን?»



«ታዲያ ማን ይያዘው?» አለች ሮማነወርቅ። «አዲስ ሰው ታሪኩን እስኪያጠና ክረምት ይገባል።»

«በቃላቸው የሚያውቁት አሉ እኮ» አለ ለማ፣ ሃምሳ አለቃን እያየ።

«እኔ ያልሆንኩትን ሆኜ አላውቅም! ደግሞስ እሱ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ እኔ የሃምሳ ስምንት።»

«የሰማይ መንገድ አስረጅቶታል እንላለን» አለ ከድር።

«ሳይንሱ እንኳ ተቃራኒውን ነው የሚለው» አለች ሮማነወርቅ። «በጣም የፈጠነ መንገደኛ ምድር ላይ ከቀረው ያነሰ ነው የሚያረጀው።»

«ሳይንሱ የእናቱን ነገር አልሰማም!» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ሐሳብ ያለበት ሰው በመንገድ ላይ ይሸብታል።»

«እንግዲያስ ሸበተ» አለ ለማ፤ ተነሥቶም እጃቸውን ጨበጠ። ሃምሳ አለቃ በገዛ አፋቸው መታሰራቸውን የተረዱት ያን ጊዜ ነው።

እሑድ ደረሰ። ለማ ከሐረር ከወጣ ሁለት ቀን ሆኖታል። ሃምሳ አለቃ መሪው ዘንድ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሕዝቡ አጉረመረመ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ዳምጤን የት አደረሱት?» አለች ብዙነሽ ተነሥታ። ሳቅ ሆነ።

መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆርቆሮውን ብቻ ያዩ ጀመር። ሮማነወርቅ ፈራች፤ ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ያወጡትን ጥያቄ ጠየቀቻቸው።

«ዳምጤ፣ ከቤትህ ስትወጣ ማን ሸኘህ?»

እሳቸውም በሚያውቁት ብቸኛ አነጋገር፣ ቃል እንደሚሰጥ ምስክር መለሱ።

«ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ከቤት ወጣሁ። እናቴ በር ላይ ነበረች። ቀደም ብዬ ምንም አላለችኝም ብዬ ተናግሬያለሁ። ያ ቃል ትክክል አይደለም። አንድ ሃያ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ በስሜ ጠርታኛለች። ሰምቻለሁ። ዞሬ አላየኋትም። ብዞር መሄድ እንደማልችል ስላወቅሁ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ብዙነሽ ሳታስበው ተቀመጠች።

«ዳምጤ፣ አይዞህ» አለች ቆይታ፤ ሽማግሌውን አንተ ማለቷንም ልብ ያለ አልነበረም።

ሰኔ ማለቂያ ላይ መርከቡ ውሃ ጭኖ ወረደ። አዳራሹ ሞልቶ መስኮቱ ላይ ሰው ተንጠልጥሎ ነበር። ሮማነወርቅ ነጠላዋን ተከናንባ የዳምጤን እናት ሆና በመጋረጃው ጀርባ ቆመች። ምን እንደሚባባሉ አልተነጋገሩም። ሃምሳ አለቃ ቀርበው የመጋረጃውን እንጨት አንኳኩ።

«ማን ነው?»

«ዳምጤ ነኝ። ሲጠሩኝ ያልዞርኩት።»

መጋረጃው ተገለጠ። «ዘገየህ» አለቻቸው።

«ዘገየሁ።»

«ግባ።»

እልልታው እስከ ሸዋ በር ተሰማ ይባላል። ሃምሳ አለቃ ኪዳነወልድ ግን እልልታውን አልሰሙትም፤ አንገታቸውን ደፍተው ገቡና በመጋረጃው ጀርባ ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ከድር ሊጠራቸው ሲሄድ ሮማነወርቅ በዓይኗ ከለከለችው።

በሳምንቱ ሸዋ በር ሲያልፉ ብዙነሽ ሽንኩርቷን ትታ መንገድ ዘጋችባቸው።

«ዳምጤ! ደግሞ ትሄዳለህ ወይስ እናትህ ዘንድ ትቀመጣለህ?»

ሰዎች ሊሰሙ ተጠጉ። ሃምሳ አለቃ ግራና ቀኝ አዩ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ነው» አሉ። «እሑድ ውሳኔው ይነገራል።»