ቁንዝላ የተቀዳው ለቅሶ

ያን ሰው እጠላዋለሁ። ዕድሜ ያበርደዋል ሲሉኝ ኖሩ፤ አላበረደውም። የምጽፈውን የሚያነብ ሁሉ ይህን አውቆ ያንብብልኝ። ስለ እሱ ሳወራ ሚዛን የለኝም።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር፣ ኮሌጅ ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር። እሱ ከሶቭየት ኅብረት ዶክተር ተብሎ የመጣው የሰሜኑ ጦርነት በከፋበት፣ ወጣቱ ከገበያና ከመንገድ እየታፈሰ በሚጫንበት ሰሞን ነው። ዘለግ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲናገር ዓይኑን ከሰው ፊት አንሥቶ ግድግዳ ላይ የሚተክል ሰው ነበር። የተማረው ሥነ ምልክት የሚባል ትምህርት ነው። የባህል ጥናት ቡድኑ ኃላፊ ስላደረጉት እኛ የክፍሉ መምህራን በየሳምንቱ ተሰብስበን እንሰማዋለን። መቅረት አይቻልም።

ባህል ሁሉ ምልክት ነው ይለናል። የነጠላ አጣጣል ምልክት ነው፤ ሰላምታ ምልክት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ምልክት ነው። ምልክት ለብቻው ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚያገኘው ከሌላው ምልክት ተለይቶ ሲታይ ነው። የሠራው ሰው ያሰበው ነገር አይቆጠርም። «ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ተናጋሪው የለም» ይል ነበር፤ ይህችን ቃል በጣም ይወዳታል። ለምልክት ካወጣቸው ስሞች አንዱ «አመልካች» የሚል ነበር። ይህንኑ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር፣ ተማሪዎቹ የሚያውቁት አመልካች ፍርድ ቤት የሚቆመውን ከሳሽ ነውና፣ አንዱ ከኋላ ወንበር «ተከሳሹስ ማነው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ዶክተሩ አልሳቀም። ተማሪውን አስወጣው።

ትምህርቱ ከንቱ ነበር አልልም። አባቴ ዘጌ ቄስና የቅኔ መምህር ነበሩ። አንድ ቃል ሁለት ነገር እንደሚናገር ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅሁት። ነገር ግን አባቴ ቅኔ ሲፈቱ የባለቅኔውን ስም ጠርተው፣ የሞተም ከሆነ «ነፍሱን ይማር» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሰውየውን አስወጥቶ ቃሉን ብቻ ማስቀረት የሚባለውን ነገር ከዶክተሩ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ከሰማሁትም ወዲያ አልዋጥልኝ አለ።

አንድ ቀን ከዘጌ ተመልሶ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ፎቶግራፍ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልን።

«ቄሶቹ የሚያዩትን አያውቁትም» አለ። «እነሱ ቅዱሱን ያያሉ። እኔ የማየው ፈረሱ ላይ ያለውንና ከፈረሱ ሥር ያለውን ነው። ባላባትና ጭሰኛ።»

«ከፈረሱ ሥር ያለው ዘንዶ ነው እኮ፣ ዶክተር» አልሁት።

መምህራኑ ሳቁ። እሱ ግን ኮስተር እንዳለ «ዘንዶ ብለው የሚጠሩት እነሱ ናቸው» አለ።

«የሣሉትም እነሱ ናቸው።»

ያኔ ግድግዳውን ትቶ እኔን አየኝ። «አንቺን የቄስ ልጅነትሽ ገና አለቀቀሽም» አለ። ሳቁ ቀጥ አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ቃል በሰው ፊት መናገር ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እሱ በክፉ ዓይን እንተያይ ጀመር።

የእናቴ እኅት ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ ትኖር ነበር። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ቀድሞ ሞቷል። ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነው። እሱንም በገበያ ቀን ከሌሎች ጋር አፍሰው በጭነት መኪና ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ቆይቶ መርዶው መጣ። የት እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ የነገራት የለም። አክስቴ በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ነበረች፤ የሰው ሐዘን ላይ ቆማ ግጥም የምታወርደው እሷ ነበረች። አሁን ተራው የራሷ ሆነ።

ጀልባ ተሳፍሬ ሄድሁ። ቁንዝላ ወርጄ ወደ ቤቷ ስጠጋ ጩኸቱ ከሩቅ ተቀበለኝ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሬሳ ስለሌለ መሐል ላይ አልጋ አውጥተው ኮቱንና የትምህርት ቤት ሸሚዙን አንጥፈውበታል። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን በመቀነት ጠፍራ አልጋውን ትዞረዋለች። ሰው እያለፍሁ ወደ እሷ ስሄድ ዓይኔ ሽማግሌዎቹ ጎን የተቀመጠ አንድ የተተኮሰ ሸሚዝ ላይ ዐረፈ። ዶክተሩ ነው። ጉልበቱ ላይ ቴፕ አስቀምጦ ይቀዳል። የዓሣ አጥማጆችን ዘፈን ሊቀዳ መጥቶ ኖሯል፤ ለቅሶ መኖሩን ሲሰማ ወደዚያው አቀና።

አክስቴ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ዓሣ እንኳ ሲወሰድ ይቀራል ቅርፊቱ፣
ልጄን የወሰደው ምን ተወ ለእናቱ?»

ግቢው ባንድ አፍ ጮኸ። የወሰደው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ሞት ነው ብሎ የሰማ ሰማ፤ ሌላም የሰማ ሰማ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ራሱ፣ ያኔ በገበያው ቀን መኪናው አጠገብ ቆሞ የነበረው ሰው፣ ከፊት ተቀምጦ ደረቱን ይመታ ነበር። የለቅሶ ግጥም እንዲህ ነው። ሁሉም አብሮ ያለቅሳል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ምንም አልሰማሁም ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ወደ ዶክተሩ ሄጄ ጎንበስ አልሁ። «እባክዎ ያጥፉት» አልሁት።

«ለምን?»

«ለቅሶ ነው።»

«ለቅሶ መሆኑን አውቃለሁ። ባህል ያንድ ቤተሰብ ንብረት አይደለም።»

«አክስቴ ናት።»

አላጠፋም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን መሆኗ ለጥናቱ አያስፈልግም» አለኝ። ሰው ዞር ዞር እያለ አየን። ለቅሶ ቤት ጠብ አይነሣምና ጥርሴን ነክሼ ተመለስሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኮሌጁ የባህል ዝግጅት ነበረው። አዳራሹ ሞልቷል። ከከተማው ባለሥልጣኖችም መጥተው የፊት ወንበሩን ይዘዋል፤ ከመካከላቸው የፓርቲው ካድሬ አለ፣ ብዙ የማይናገር፣ ብዙ የሚሰማ ሰው። ዶክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ቴፑን ከፈተ። የአክስቴ ድምፅ በድምፅ ማጉያ አዳራሹን ሞላው። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እሱ ካሴቱን መልሶ እንደገና አሰማ። ከዚያ ግጥሙን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈ።

«‹የወሰደው› የሚለውን ቃል ተመልከቱ» አለ። «ማን እንደወሰደ አይናገርም። ስም የሚጠበቅበት ቦታ ባዶ ነው። ባዶ ቦታ ደግሞ ዝም አይልም፤ ሰሚው ይሞላዋል። የት ነው የተባለው? ቁንዝላ። መቼ? ወጣቶች በመኪና በሚወሰዱበት ዓመት። ታዲያ ወሳጁ ሞት ነው? ሞት እኮ ሌላ ባይተው ሬሳ ይተዋል። ሬሳ እንኳ የማይተው ወሳጅ...»

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ፈገግ አለ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ መጨረስም አላስፈለገው።

ትክክል ነበር። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ቁንዝላ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ የሰማውን ነው የተናገረው። ያ ሕዝብ ግን ሰምቶ ከደነው። እሱ ማን ፊት እንደሚገልጠው እያየ ገለጠው። ካድሬው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ሲጽፍ አይቻለሁ። ዶክተሩም አይቶታል።

ሳምንት ሳይሞላ አክስቴን ከቤቷ አውጥተው በጀልባ ባሕር ዳር አመጧት። ያሰሯት ቀበሌ ነው። ስንቅ ሳደርስላት በአጥር ቀዳዳ «ምን አደረግሁ ብለው ነው?» ትለኛለች። ከዚያው ቀጥ ብዬ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሄድሁ።

«አክስቴን አሰሩብኝ» አልሁት።

«ሰማሁ። አዝናለሁ።»

«ሄደው ይንገሩልኝ። ሞትን ማለቷ ነው ይበሉልኝ። የእርስዎን ቃል ይሰማሉ።»

«ምን ማለቷ እንደሆነ እኔ ከየት አውቃለሁ? ስለ ግጥሙ ነው የተናገርኩት። ስለ ሴትዮዋ አንድ ቃል አልወጣኝም።»

«የታሰረችው ግን ሴትዮዋ ናት።»

«እሱ የነሱ ስሕተት ነው። ግጥሙንና ሰውን አደባለቁት።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን አይደለም፤ ተማሪው የተሳሳተ መልስ ሲጽፍበት መምህር የሚሰማው ዓይነት ቅሬታ ነው። አንቱታውን የተውሁት ያን ጊዜ ነው። «አንተ ሰው» አልሁት፤ «አንተንም ይጠሩሃል። ያኔ ይህንኑ ንገራቸው።»

ጠሩት። እኔም ለምኜ ለምኜ ቤተሰብ ነሽ ብለው አስገቡኝ። ካድሬው ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። አክስቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ናት፤ ጥቁር ልብሷ በእስር ቤቱ አቧራ ነጥቷል። ዶክተሩ ከመስኮቱ ሥር ነበር።

«አንቺ ሴትዮ» አላት ካድሬው፤ «ልጅሽን የወሰደው ማን ነው?»

አክስቴ ቀና ብላ አየችው። «ልጄ የት ነው የተቀበረው?» አለች።

«ጠያቂው እኔ ነኝ።»

«መጀመሪያ እናንተ ንገሩኝ። ከዚያ እኔም እነግራችኋለሁ።»

ካድሬው ተቆጥቶ ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረ። «በአዳራሹ ያሉትን ይድገሙልን» አለው።

ዶክተሩ ግጥም ብዙ ፍች እንዳለው፣ አንዱም ፍች የመጨረሻ እንዳይደለ፣ ትርጉም የሚፈጠረው በሰሚው ዘንድ እንደሆነ ማስረዳት ጀመረ። በመጀመሪያ ጠንካራ የነበረው ድምፁ እየሳሳ ሄደ። ካድሬው ጥቂት ታግሦ እጁን አነሣ።

«ብዙውን አልጠየቅንዎትም። በሰሚው ዘንድ ነው ካሉ፣ ሰሚው እርስዎ ነዎት። ይህን ትርጉም ያመጡት እርስዎ ነዎት ወይስ እሷ?»

ዶክተሩ ግድግዳ ላይ የሚያየው ነገር የፈለገ ይመስል ዓይኑ ተንከራተተ። ግድግዳው ላይ የነበረው የአገሩ መሪ ፎቶ ነው።

«ግጥሙ የሷ ነው» አለ።

«ትርጉሙስ?»

«እሱም... የሷ ነው።»

ስንት ወር ሙሉ ተናጋሪ የለም ሲለን የኖረ ሰው፣ ጥያቄው ወደ ራሱ ሲዞር ተናጋሪ አገኘ። አክስቴ ትከሻዬን ነካችኝ። «ይኸ ማነው?» አለችኝ።

«ለቅሶሽ ላይ ነበረ።»

«ንፍሮዬን በልቷል?»

«በልቷል።»

አንገቷን ወደ በሩ አዙራ እስኪያስወጧት ጠበቀች።

ክረምቱን በሙሉ አሰሯት። የተለቀቀችውም በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ፊት ቆማ ስሕተቷን እንድትናገር ተስማምታ ነው። በዕለቱ ነበርሁ። ዝናቡ ባረሰው ሜዳ ላይ ሕዝቡ ተቀምጧል። አክስቴ ከስታለች፤ ክንዷን ደግፌ አቆምኋት። «ልጄን የወሰደው ሞት ነው» አለች፤ «ተሳስቻለሁ።» ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። መጀመሪያ ያጨበጨበው ያ ደረቱን ሲመታ ያየሁት ሊቀ መንበር ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እጅ ጠልቼ አላውቅም።

እኔ ከጥናት ቡድኑ ወጣሁ። የክፍሉ ኃላፊ ምክንያቴን ሲጠይቀኝ «ከዚያ ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም» አልሁት። ብዙም ሳይቆዩ ከተማው ውስጥ ወዳለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዛወሩኝ። ቅጣት መሆኑን አውቄ ነው የሄድሁት። እሱ ጥናቱን አሳተመ፤ ግጥሙ አለበት፣ አክስቴ «አንዲት አልቃሽ» ተብላለች። ስለ እስሯ የተጻፈ ነገር የለም። ሹመትም ጨመሩለት።

ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ጊዜ እንደገና ሰማሁት። የከተማውን መምህራን ሰብስበው ንግግር አደረገልን። ጊዜው ሲለወጥ ትምህርቱንም ለውጦ መጣ። ጭሰኛና ባላባት የሚለው ቀርቷል። አሁን የሚያወራው ድኅረ ዘመናዊነት ነው፤ ታላላቅ ትረካዎች ሁሉ ወድቀዋል፣ እውነት የሚባል አንድ ነገር የለም፣ ያለው ትረካ ብቻ ነው። መንግሥቱ የመረራቸው ወጣት መምህራን ደፋር ነው ብለው አጨበጨቡለት። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። እውነት ከሌለ አክስቴ ያን ክረምት የት ነበረች?

ስንወጣ በር ላይ ጠብቆኝ እጁን ዘረጋ። ጸጉሩ ሸብቷል።

«አሁንም ቂም ይዘሻል?» አለኝ።

«ይዣለሁ።»

«ያኔ እኮ ማናችንም የራሳችንን ቃል አልተናገርንም። የተናገረው ዘመኑ ነው።»

«እንግዲያው ሰላምታህን ዘመኑ ይመልስልህ» ብዬው እጁን እንደዘረጋ ትቼው ሄድሁ።

አክስቴ ከዚያ በኋላም ብዙ ኖረች። ሰው ሲሞት ለቅሶ ትደርሳለች፤ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣ ዝም ትላለች። «እባክሽ አንድ አውርጅልን» ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ ብቻችንን ቤቷ ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ፣ ስንት ዓመት በልቤ የያዝሁትን አወጣሁት።

«ያን ቀን የወሰደው ስትይ ማንን ማለትሽ ነበር?»

ፊቷ ጠቆረ። «አንችም ልትጽፊው ነው?» አለችኝ።

ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።