ግማሽ ሳንባ

ሳቱርኒና ደንበኞቿን ፊታቸውን ሳታይ በሳላቸው ትለያቸዋለች። በፖቶሲ ተራራ ግርጌ፣ የማዕድን ቆፋሪዎቹ መኪና በሚጠብቁበት ጥግ፣ በየማለዳው ጀርባዋን ሰጥታ ፓስቴል ትጠብሳለች። ሆዱ ውስጥ አይብ የገባበት ሊጥ ነው፤ ዘይቱን ሲያገኝ እንደ ኳስ ይነፋል። ከኋላዋ አንዱ ጉሮሮውን ሲጠራርግ፣ «ፌርሚን፣ ዛሬ ብሶብሃል። ትኩስ አፒ ልቅዳልህ?» ትላለች። አፒዋ ከጥቁር በቆሎ የሚፈላ፣ ወፈር ያለ፣ ደረት የሚያሞቅ መጠጥ ነው።

የተራራው አቧራ ሳንባ ይበላል። ይህን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም። ግን ሌላ ሥራስ የት አለ?

አንድ ማለዳ ሬዲዮው ስለ አገሪቱ ሕዝብ ዕድሜ ያወራ ነበር። ሰው በአማካይ ስልሳ ምናምን ዓመት ይኖራል፣ ከድሮው በጣም ጨምሯል እያለ አንባቢው ደስታውን አልቻለውም። ቆፋሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ስልሳ? ታዲያ የኔን ሃያ ዓመት ማነው የወሰደብኝ?» አለ ፌርሚን፣ ጉንጩን ድካም በሚያስረሳው የኮካ ቅጠል እንደወጠረ።

«ቆላ ያለ አንድ ሀብታም ነዋ! መቶ ሊሞላው ነው፤ ያንተን እየበላ!» አለ ሌላው።

«መልስለት በሉልኝ! እኔም ልጅ አሳድጋለሁ በሉልኝ!»

ሳቱርኒናም አብራ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከጥርሷ አላለፈም። አባቷ ሲቀበር ፀጉሩ ድፍን ጥቁር ነበር። ሁለቱ ወንድሞቿም እንደዚያው። በእነሱ ቤት ሽበት የሴት ነገር ነው፤ ወንዱ ሳይደርስበት ይሄዳል።

ሬዲዮው ዋሸ ማለት አይደለም። ሳቱርኒና ሁለት ሕፃናት የቀበረችው ውሃ ከጉድጓድ በሚቀዳበት ጊዜ ነው፤ ተቅማጥ ነጠቀባት። ቧንቧና ክትባት ከመጣ በኋላ የተወለደችው ልጇ ቪልማ ግን ይኸው አድጋ ነርስነት ትማራለች። ቁጥሩን ከፍ ያደረጉት እንደ ቪልማ ያሉት ናቸው። አባቶቻቸው ጋ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚያነክሰው። ቧንቧው ተራራው ሆድ ውስጥ አልገባ!

ባሏ ካሲያኖ አርባን አልፏል። አባቱ የሞተበትን ዕድሜ ሲሻገር ጓደኞቹ «አያቴ» ይሉት ጀመር፤ እሱም ወዶት «አቤት ልጆቼ» ይላል። ለፍላፊ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ሚስቱን ሲያይ ዛሬም ፊቱ ይበራል። በቅርቡ ግን ወደ ቤታቸው የሚያወጣው ዳገት ከበደው። መሃል ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማ ማሰሪያ የሚያስር ይመስላል። ያደረገው የላስቲክ ቦት ነው፤ ማሰሪያ የሚባል የለውም! ሳቱርኒና እያየች እንዳላየች ታልፋለች። «ካልተመረመርክ አላናግርህም» ብላ ልቡን ያደረቀችው ቪልማ ናት።

የዚያ ሰፈር ሰው የሚያውቀው ሕግ እንዲህ ነው። ሳንባው በግማሽ ያለቀ ቆፋሪ ጡረታ ያገኛል፤ ከተራራው ይወርዳል። ግማሽ ካልሞላ ደህና ነህ ተብሎ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ስለዚህ ወንዱ ሁሉ ሐኪም ቤት የሚሄደው መጥፎ ወሬ ለመስማት እየተመኘ ነው። ጉድ እኮ ነው!

በምርመራው ዋዜማ ሳቱርኒና ሻማ ይዛ እመቤታችን ፊት ቆመች። «እመቤቴ፣ አደራሽን...» አለችና ቀጥ አለች። ምን ትበል? ሳንባው አልቆ ይገኝ? ወይስ ጤነኛ ሆኖ ይመለስና እዚያው ይለቅ? ሰሙ እጇ ላይ እየተንጠባጠበ ብዙ ቆመች። «በቃ አንቺው ታውቂያለሽ» ብላ ወጣች፤ መንገዱን ሁሉ በራሷ እየተናደደች።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ውጤቱን ስትነግራቸው ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሳንባዎ ተጎድቷል፤ ግን ግማሽ አልደረሰም። ትንሽ ነው የቀረው። ከአቧራው ቢወጡ ገና ብዙ ይኖራሉ። ጡረታው ግን... አይፈቀድም።»

«ተመስገን!» አለች ሳቱርኒና። አመለጣት።

ኮሪደሩ ላይ ካሲያኖ ፊቱ ጠቁሮ ዞረባት። «ምኑ ነው ተመስገን? የልጅቷን ትምህርት በምን ልንጨርስ ነው?»

«ትንፋሽህ አለች ብዬ ነዋ!»

«አንድ ዓመት ብገባ ይሞላል። ያኔ በክብር እወርዳለሁ።»

ይሞላል! ሲያወራ እንስራ ከቧንቧ ስር ያስቀመጠ ሰው ነው የሚመስለው። ሚኒባስ ይዘው ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ካሲያኖ ኮካውን በከረጢት ቋጠረና ሄልሜቱን ፈለገ። ከሚሰቀልበት የለም፤ አልጋ ስር የለም። ሚስቱ ቀድማው ወጥታለች። እየተነጫነጨ ወደ መጥበሻዋ ወረደ። ሄልሜቱ ጠረጴዛዋ ላይ ተገልብጦ፣ እስከ አፉ ዱቄት ሞልቶ ተቀምጧል።

«አንቺ ሴትዮ! ምን አድርገሽዋል?»

«ያውልህ፣ ውሰደው። ዱቄቱን መሬት ድፋና ውሰደው!»

ዱቄት የሚደፋ ሰው እዚያ ሰፈር አልተወለደም። ካሲያኖ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። መኪና የሚጠብቁት ሁሉ ያያሉ።

«ያቺን የተረፈችህን ሳንባ ለኔ ስጠኛ!» አለች ሳቱርኒና፣ ድምጿ እየተሰበረ። «ስንት ዘመን ለተራራው ሰጠህ። ይቸግረናል፣ አውቃለሁ። ሁለተኛ መጥበሻ ገዝተን ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንጠብሳለን። አንድ እንኳ የሚያረጅልኝ ወንድ አይኑረኝ?»

መኪናው መጣ፤ ጥሩምባውን ነፋ። ቆፋሪዎቹ ተንጠላጠሉ። «አያቴ፣ ትወጣለህ አትወጣም?» አለ ፌርሚን ከላይ።

ካሲያኖ መኪናውን አየ፤ ሚስቱን አየ። አንገቷን ደፍታ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ነው። ኮካውን ኪሱ ከቶ እጅጌውን ሰበሰበና በንዴት ዱቄቱን ሊጥ የሚቦካበት ገንዳ ውስጥ ዘረገፈው። ቡን ብሎ ተነሣ።

«ይሄም አቧራ ነው» አለ እያሳለ።

«ይሄኛውን እንኳ እኛ ነን የምንበላው» አለች።

«ኧረ አያቴ!» ብሎ ጮኸ ፌርሚን፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ። «ሸበትክ እኮ! እዩት፣ የሰፈራችን የመጀመሪያው ሽማግሌ!»

የመኪናው ሰው ሁሉ በሳቅና በሳል ተያይዞ ዳገቱን ወጣ። ካሲያኖ ዱቄቱን ከፀጉሩ ሊያራግፍ እጁን ሲያነሣ ሳቱርኒና ያዘችው።

«ተወው» አለችው። «ትንሽ ልየው።»