የሰባራ ወንበር መልሶች

ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀደደ አንሶላ የምትጠግን ሴት አለች። አንሶላ ሁልጊዜ የሚቀደደው ሕመምተኛው ሲጨንቀው ጨምድዶ በሚይዘው ጠርዝ ላይ ነው ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውን ጭንቀት ስትሰፋ ኖራለች። ፔዳሉን እየረገጠች ታንጎራጉራለች፤ የስፌት መኪናው ዜማዋን ይሸከምላታል፤ ክሩ ሲያልቅ ዜማውም ይቆማል።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጇ ማንጎራጎሩ ሲሰለቻት ስልኳ ላይ "ቤቱን" ከፈተችላት። "እማ፣ በቃ ግጥምሽን እዚህ ንገሪያቸው፤ እኔን ተይኝ።"

ቤቱ የሚሉት ሦስት በጎ ፈቃደኞች በአንዲት ሰርቨር ላይ የሚያስተዳድሩት ትንሽ የማኅበራዊ ትስስር ገጽ ነው። ማስታወቂያ የለው፣ ባለሀብት የለው። እንደሱ ካሉ ሌሎች ትንንሽ ቤቶች ጋር ደብዳቤ ይላላካል እንጂ በሁሉም ላይ የሚያዝ አንድ ጌታ የለም። የዚህ ቤት ሰዎች ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው፦ ማንም የራሱን ግጥም ራሱ አይዘጋም። አንዱ አንድ ስንኝ ይወረውራል፤ ሌላው ቤት መትቶ ይመልሳል።

እሷ እዚያ ስሟ ክር ነው። ስንኟን አንስተው የሚመልሱላት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነበሩ፤ ከሌላ ቤት የሚጽፉ፣ ሰባራ ወንበር የሚባሉ። ወንድ ይሁኑ ሴት፣ ወጣት ይሁኑ ሽማግሌ አታውቅም። ስለማታውቅም አንቱ ትላቸዋለች።

"አሁን ለስልክ አንቱ ይባላል?" ትላታለች ልጇ እየሳቀች።

"ለስልኩ ማን አለ? ለመልሱ ነው።"

አንድ ቀን መርፌዋ ተሰብሮ፣ አዲስ እስኪመጣ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ እንዲህ ብላ ወረወረች፦

ክሩማ ሞልቶኛል፣ መርፌ አጣሁ እንጂ፤

ሻሿን አስተካክላ ሳትጨርስ መልስ መጣ፦

እሾህ ሹል አይደለም? ቆርጠሽ መርፌ አብጂ።

ብቻዋን ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ጠዋት ወርውራ የምሳ ሰዓት ላይ መልስ ማግኘት፣ እንደ እንጀራዋ ሆነ።

ከአሥራ አንድ ወር በፊት የሰባራ ወንበር ቤት ድንገት ጠፋ። እሳቸውም አብረው ጠፉ። ይሙቱ፣ ይታመሙ፣ ይሰልቹ የሚነግራት የለም። ሌሎች ሊመልሱላት ሞከሩ፤ ቤት ይመታሉ፣ ልብ ግን አይደርሱም። እሷም እየቆየች መወርወሩን ተወችና የድሮውን ወደ ላይ እየገፋች ማንበብ ጀመረች።

ከዚያ ማስታወቂያው መጣ። "የቤቱ ሰዎች ሆይ፣ በወሩ መጨረሻ፣ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ይዘጋል። ደክሞናል። ያላችሁን አውርዱ፤ ወደ ሌላ ቤት መዛወር ለምትፈልጉ መንገዱን ከታች አስቀምጠናል።"

ሦስት ጊዜ አነበበችው። በር የሌለው ቤት እንዴት ይዘጋል? ማነው የሚወጣው፣ እሷ ናት ወይስ ቤቱ? ልጇ ግን ቀልጠፍ ብላ ወደ ሌላ ቤት አዛወረቻት፤ ጽሑፏንም በአንድ ጥቅል አወረደችላት። "አለቀ እማ፣ ሁሉም ገብቷል፤ አታስቢ።" እናትም አላሰበችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥቅሉን እንደተቆለፈ ሣጥን በልቧ ይዛ ዞረች።

ቤቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሥራ መልስ፣ ጥቅሉ ይከፈትልኝ አለች። ልጅ በኮምፒውተሯ ከፈተችው። "ክሩማ ሞልቶኛል፣ መርፌ አጣሁ እንጂ" ይላል። ከሥሩ ባዶ ነው። ወረድ ብሎ "ዝናቡ አባራ፣ ጣራዬ ያፈሳል" ይላል። ያም ከሥሩ ባዶ ነው።

"መልሱስ?"

"የቱ መልስ?"

"'ያለፈን ደመና፣ እሱም ያስታውሳል' ያሉት ነዋ! የሳቸው!"

ልጅ ወደ ላይ ወደ ታች ገፋችው። "እማ… ይሄ የሚያወጣው የራስሽን ብቻ ነው መሰለኝ።"

"እጅጌውን አምጥተሽ ነው ልብሱ ሙሉ ነው ያልሽኝ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሁሉንም የሚለውን ነው የተጫንኩት!"

"የሳቸው ቤት ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። ታዲያ እስከ ዛሬ ሳነበው የነበረው የት ተቀምጦ ነው?"

"እኔ የማውቀው የመድኃኒት ስም ነው። በረኛውን ጠይቂው።"

በረኛው የሚሉት ቤቱን የሚጠብቀውን ነው፤ ሁለት ፌርማታ አለፍ ብሎ ካለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሄደች። ቤተ ሙከራው ውስጥ የመስታወት ቱቦዎች ሲያጥብ አገኘችው። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

"ክር ነኝ" አለችው።

እጁን በጋዋኑ ጠረገና ጎንበስ አለላት። "እትዬ ክር! እኔማ የሰባ ዓመት አሮጊት አድርጌ ነበር የማስብዎት።"

"አይዞህ፣ እዚያውም እየደረስኩልህ ነው። ለምንድነው የምትዘጋው?"

"ሦስት ሆነን ጀመርን፤ ሁለቱ ተራ በተራ ተዉት። በየዕረፍቱ የምሰማው የሰው ክስ ነው፤ እከሌ ሰደበኝ፣ እከሊትን አስወጣልኝ። ግጥም ካነበብኩ ስንት ጊዜዬ መሰለዎት?"

"ቁልፉን ለሌላ አትሰጥም?"

"ለመንኩ። ሁሉም አይዞህ አለኝ፤ ስጠኝ ያለኝ ግን የለም።"

ወቀሳ ይዛ ነበር የመጣችው፤ ተወችው። የመጣችበትን ነገረችው። የሰባራ ወንበር ቃል፣ የእሳቸው ቤት ሳይጠፋ ሲልከው እዚህ የቀረ ግልባጭ እንደሆነ አስረዳት። ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር እሱም አያውቅም።

"እንግዲያው ጠቅልልና ስጠኝ።"

"እሱን አልችልም እትዬ። የማንንም ጽሑፍ ጠቅልለን ለሌላ ሰው አንሰጥም ብለን ቃል ገብተናል። እርስዎም ሲገቡ እሺ ብለዋል።"

"እኔ እሺ ያላልኩት ነገር አለ? እሺ በይ የሚል ሲመጣ እሺ እላለሁ!"

ሳቀ፤ ግን አልተበገረም። "በሕይወት ካሉ እሳቸውን ሳልጠይቅ እንዴት አድርጌ? እስከ ነገ እኩለ ቀን ግን ክፍት ነው። ዓይንዎ ያየውን እጅዎ ቢጽፍ ማንም አይከለክልዎትም።"

እየሮጠች ተመለሰች። መንገድ ላይ ሐሳቧ ተደበላለቀባት። ቃሉ የሳቸው ነው፤ የተባለው ለእሷ ነው፤ የተቀመጠው በበረኛው ዘንድ ነው። ታዲያ የማን ነው?

በሥራ ክፍሏ የምትተኩሰው ባልደረባዋ፣ ምላሷም እንደ ሥራዋ ስለሚያቃጥል፣ ካውያ ነው የምትባለው። ካውያ የሆነውን ስትሰማ ስልኩን ነጥቃ ወንበር ሳበች። "እኔ ላንብብ፣ አንቺ ጻፊ። ዛሬ አንሶላውን በቀዳዳው ይተኙበት።" ጠጋኟ የልብስ ቅድ መሳያ ወረቀት ዘርግታ እርሳስ አነሳች።

"የኔ በጥቅሉ ውስጥ አለ" አለች። "የሳቸውን ብቻ አንብቢልኝ፤ ቀኑንም ተዪው፤ ጊዜ ይፈጃል።"

እንዲህ አድርገው ጀመሩ። ካውያ የፍቅሩን ስንኝ እንደ ስድብ፣ የሐዘኑን እንደ ገበያ ጥሪ ታነበዋለች።

"ቀስ በይ፣ ዜማ አለው እኮ!"

"ዜማውን ራስሽ ጨምሪበት፣ እኔ ቃል ነው የማቀብለው። ስሚ፣ እኚህ ሰው ወደውሻል።"

"ሂጂ ወደዚያ!"

"ወይ ደግሞ ሥራ ፈት ናቸው።"

ዓርብ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ አርባ የተቀደደ አንሶላ ቆልለው ሄዱ፤ ሁለቱ ሴቶች ግን አንዱንም አልነኩትም። ከሦስት መቶ በላይ መልስ ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን፣ ሁለት መቶ አሥራ ስምንተኛው ላይ ካውያ ገጹን ስትገፋ ነጭ ሆነ። ደግማ ገፋችው፤ ነጭ ነው። ስልኩን ተራ በተራ አዩት። ከግድግዳው ማዶ ማጠቢያው ይሽከረከራል።

"ተዘጋ ማለት ነው?" አለች ካውያ።

"እኔ እንጃ። መዘጋቱ እንዲህ ነው?"

ከሰዓት በኋላ ልጇ የጥቅሉን ስንኞች በወረቀት አትማ አመጣችላት። የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው፤ በግራ የራሷ፣ በቀኝ የሳቸው። ማጣመር ጀመረች፤ ስሕተቷንም ያኔ አየችው። በዚያ ቤት አንድ ወር ሙሉ በአንድ ዓይነት ቤት መምቻ ነበር የሚገጠመው። የአንዱ ወር መልስ በሙሉ ለዚያው ወር ስንኝ በሙሉ ቤት ይመታል። እሳቸው ያልመለሱላት ስንኞችም ስላሉ በተራ መቁጠሩ አልረዳትም። በእጇ የሰፋችውን ልብስ፣ እጅጌው የየትኛው እንደሆነ አጣችው። አንዳንዱን በትዝታ ለየች። ሌላው፣ ይሄ ነው ስትል ያኛው ይስቅባታል።

አንዱ ላይ ብዙ ቆየች። የራሷ ስንኝ እንዲህ ይላል፦

በሩ ቢዘጋብኝ፣ መስኮት ይበቃኛል፤

ከመልሶቹ ሁለቱ ይገጥሙታል፦

ዓይኔ ከገባልኝ፣ እግሬ ይቆየኛል።

ነፋስ በዚያ ገብቶ፣ ወሬ ይነግረኛል።

ሁለቱንም በየተራ አንጎራጎረቻቸው። ካውያ መተኮሷን አቁማ አዳመጠች።

"ቆይ እንጂ" አለች። "በፊተኛው ከሆነ አንቺ ውጭ ቆመሽ ወደ ውስጥ ታያለሽ። በሁለተኛው ደግሞ ውስጥ ሆነሽ ነፋስ ይገባልሻል። ታዲያ ያን ቀን የት ነበርሽ?"

"እሱ እኮ ነው የጠፋኝ።"

"እሳቸውስ የት አድርገውሽ ነበር?"

ጠጋኟ እርሳሱን አነሳች። የዚያን ጠዋት ብርሃን፣ የያዘችውን አንሶላ፣ መልሱ ሲመጣ ደረቷ ውስጥ የተከፈተውን ነገር ታስታውሳለች። ቃሉን ግን አታስታውስም። ከዚያ በስንኟ ሥር ሁለቱንም መልሶች፣ አንዱን ከሌላው ሳታስበልጥ፣ ጎን ለጎን ጻፈቻቸው፤ ወደሚቀጥለውም ወረደች።