አባቴ ለራሱ የሠራው ከዘራ

አባቴ አናጢ ነበር። ታላቅ ወንድሙን፣ አጎቴን፣ ሰፈሩ «ብረቱ» ይለዋል። በሁለት ዓመት ይበልጠዋል፤ ሰው ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ታላቁ አባቴ ይመስለው ነበር። አጎቴ ውሃ የሞላ ጀሪካን በትከሻው ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ፣ አባቴ ባዶ እጁን በየመታጠፊያው ይቆማል። ትንፋሽ ያጥረዋል። ማታ ማታ እግሩ አብጦ ጫማው አልወልቅ ይላል።

እናቴ ሐኪም ቤት እንሂድ ባለች ቁጥር አጎቴ ጥልቅ ይላል።

«የእድሜ ነው! እኔ ታላቁ ደህና ሆኜ እሱ ምን ሆንኩ ሊል ነው? ሥራ ጠልቶ ነው እንጂ!»

«ከአንድ ማኅፀን ወጣችሁ እንጂ ልብ አልተካፈላችሁም» ትለዋለች እናቴ።

አባቴ የታላቁን ቃል አያልፍም። «እሱ ካለ እድሜ ነው» ብሎ ሳቀና ከትርፍራፊ እንጨት ከዘራ ሠራ። እጁን ወደ ታች ለቆ፣ ከአንጓው እስከ መሬት ለክቶ ቆረጠው። አጭር ሰው ነበር።

ሐኪም ቤት የገባው በቃሬዛ ነው፤ በሕይወት አልተመለሰም። «ልቡ ነው፤ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት መድኃኒት ነበረው» አለች ሐኪሟ። እናቴ አላለቀሰችም። አጎቴን ብቻ ቀና ብላ አየችው።

ዘንድሮ የብረቱ ጉልበት ከዳው። ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ቤታችን መጣ።

«እህቴ፣ ያ የወንድሜ ከዘራ አለ?»

እናቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አወጣችው። ለእሱ ቁመት አንድ ስንዝር ያጥራል። የአባቴ መሣሪያዎች እንዳሉ ናቸው።

«እማዬ፣ ከታች ልቀጥልበት?»

«እንዳትነኪው።»

አጎቴ ተደገፈው። ወገቡ ታጠፈ። በሩ ጋ ደርሶ ዞረ።

«ኧረ ይሄ ነገር አጎበጠኝ! ወገቤንም ጀመረኝ፤ ሐኪም ቤት ልሂድ ይሆን?»

እናቴ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሳለፈች።

«የእድሜ ነው፣ ጋሼ።»

አሁን በየጠዋቱ በደጃችን አጎንብሶ ያልፋል። እናቴም ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ትሰፋለች።