ሆዱን ተወው

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በሰንበቴ ገበያ በሬ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። አንዳንድ ሻጭ በገበያው ዋዜማ ለበሬው ጨው አልሶ ውሃ ይግተዋል፤ ጠዋት ሆዱ ተወጥሮ የሰባ ይመስላል። አባቴ ግን ሆድ አይቶ በሬ ገዝቶ አያውቅም። «ሆዱን ተወው፣ ቀቢ!» ይለኛል፤ በኦሮምኛ ያዘው ማለቱ ነው። ጭኑንና ሽንጡን ጨብጬ ሥጋ መኖር አለመኖሩን እነግረዋለሁ። ስሳሳት ገበያተኛው ሁሉ እስኪሰማ ይስቅብኛል።

አባቴ ጉበቱን ታሞ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የከሚሴ ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። ለወፍ በሽታ ሥጋ መርዝ ነው፣ እንቁላል አይንካ፣ ወተት አይቅመስ ተባለ። እናቴ ምክሩን አንድም ሳታስቀር ተቀበለች። የላም ወተት እቤቱ እያለ ያ ሰውዬ የገብስ አጥሚት ብቻ እየጠጣ ከረመ።

ከዚያ ሆዱ ገፋ፤ ሽርጡ አልታሰር አለው። እናቴ «አልሃምዱሊላህ፣ አጥሚቱ ተስማማው!» እያለች ለጠያቂው ሁሉ ታወራ ጀመር። እኔም ደስ አለኝ። አባቴ ፈገግ ይላል እንጂ አይናገርም። አንድ ጁምዓ ግን መስጊድ ውስጥ ከሱጁድ መነሳት አቃተው፤ ግራና ቀኝ ደግፈው አነሱት። ነገሩ አስፈራንና ደሴ ወሰድነው።

ሐኪሟ ሆዱን ነካ ነካ አድርጋ ክንዱን ጨበጠች።

«ይሄ ውሃ ነው፤ ውፍረት አይደለም» አለችን።

ጉበቱ ስለደከመ ሰውነቱ የገዛ ጡንቻውን እየበላ ነው የሚኖረው አለች። ጨው ይቀነስለት፣ እንቁላሉም ወተቱም ሥጋውም ይሰጠው፣ ማታም ሳይቀምስ አይተኛ ብላ አዘዘች። እናቴ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። «እኔው አስርቤው!» ትላለች ደጋግማ።

ስንወጣ እናቴን አስቀደምኩና «አባ፣ በሬ ስታውቅ ኖረህ ይሄ እንዴት አልታወቀህም?» አልኩት።

«እንዴት አይታወቀኝ? ጭኔን በየቀኑ እይዘው የለ» አለኝ። «እናትህ ግን ደስ ብሏት ነበር።»

በጣም ተናደድኩበት።

አሁን እንቁላል ይቀቀልለታል፤ ወተቱም ይቀርባል። እናቴ እስኪጨርስ ድረስ ከአጠገቡ አትነሳም። ባለፈው ጁምዓ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሽርጡን ሰብሰብ አደረገና እግሩን ዘረጋልኝ።

«ቀቢ» አለኝ።

ጭኑን ያዝኩት። አጥንቱን ጨበጥኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አፌን ታያለች።

«ጨምሯል፣ አባ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ወላሂ በል» አለኝ።

አልቻልኩም። ትንሽ አየኝና ሽርጡን ወደ ታች መለሰ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ «እንቁላሉን አምጪው እንጂ፣ ራበኝ» አላት።