ሻና የሌለችበት ቅዳሜ

ጎረቤቴ ሻና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት። በከተማችን በሞዴስቶ ክረምት ጉም ሲወርድ ከመንገዱ ማዶ ያለው የአልመንድ ተክል ቀርቶ የራስን አጥር ማየት ያቅታል። እሷ በዚያ ውስጥ የሌላ ሰው ልጆች ጭና ትነዳለች። አዲስ መስመር ሲሰጧት ልጆቹን ከመጫኗ በፊት ባዶ አውቶቡስ ይዛ አንዴ ትሄድበታለች። ኑሮዋንም የምትመራው እንዲሁ ነው።

ባለፈው ክረምት እሷና ባሏ ድዋይት በአንድ መኪና ሲመለሱ ከፊታቸው መኪኖች በጉሙ ውስጥ ተላትመው ነበር። ለጥቂት ተረፉ። ሻና በማግስቱ ጠበቃ ዘንድ ቀጠሮ ያዘች፤ በሕይወት ሳሉ የሚቋቋም የአደራ ሰነድ ለማሠራት። ቤቱ በአደራው ስም ይዞራል፣ እነሱ እስካሉ ያዙበታል፤ ሁለቱም ካለፉ የተሰየመው ሰው ፍርድ ቤት ሳይመላለስ ለልጃቸው ለቴስ ያስተዳድርላታል። ልጅቷን ማን እንደሚያሳድግም አብሮ ይጻፋል።

የቀረው ይኸው ስም ነበር። ድዋይት እህቱን ዶሪንን አለ።

«ዶሪን እኮ ቁልቋል አድርቃ የጣለች ሴት ናት» አለች ሻና።

«ቴስ ቁልቋል አይደለችም።»

«ባዶውን ሳልነዳበት አልፈርምም።»

እናም አንድ ቅዳሜ «ሞተው» ሊውሉ ወሰኑ። ስልካቸውን ዘግተው ይወጣሉ፣ ዶሪን ቤቱን ትረከባለች፤ እኔ ልጄን ታቅፌ ጥግ ይዤ አያለሁ እንጂ አልረዳም። ለቴስ «ዛሬ እኛ ሞተናል፣ የለንም ብለሽ ዋይ» አሏት። ስድስት ዓመቷ ነው። ጫማሽን አድርጊ እንደተባለች ሁሉ «እሺ» አለች።

መኪናው ከግቢ ሲወጣ ጉሙ ዋጠው። ወዲያው ድምፁም ጠፋ።

ዶሪን ቤቱ ስለበረዳት የሻናን ሹራብ ከመስቀያው አውርዳ ለበሰች። ከኋላ ስትታይ ቁርጥ ሻናን ሆነች፤ ልጄ እንኳ እጁን ዘረጋላት። ለቁርስ የጋገረችውን ፓንኬክ አሳረረችው።

«እናትሽ ምን ታደርግበታለች?»

«ማር ታደርግበት ነበር» አለች ቴስ።

ያን «ነበር» ማንም አላስጠናትም።

በልተው ሥዕል መሳል ጀመሩ። ቀና ስል ከመስኮቱ ውጭ ሰው ቆሟል። ጉሙ ከወገቡ በታች በልቶታል፣ መዳፉ መስተዋቱ ላይ ተለጥፏል። ሻና ናት። አላንኳኳችም። የምታየን መግባት እንደተከለከለ ሰው ነበር።

ቴስም አየቻት። ግን አልተነሳችም፤ ወደ አክስቷ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች።

«አክስቴ፣ እማዬ መስኮቱ ጋ ናት። እንዳታያት።»

«ለምን?»

«ዛሬ ሞታለች እኮ። ካየናት ይበላሽባታል።»

ዶሪን እየተፈተነች መሆኗን ታውቃለች፤ የጨዋታውንም ደንብ ነግረዋታል። መስኮቱን አየች፣ ልጅቷን አየች።

«ስሚኝ የኔ ቆንጆ፣ ሞታም ቢሆን መስኮት ድረስ ከመጣች ሰላም በያት። እኔ ጋ ስትኖሪ ይሄ አይከለከልም።»

ቴስ እጇን አወዛወዘች። ውጭ ያለው እጅ ቆየት ብሎ መለሰላት።

«በይ አሁን በሩን ክፈቺላት። ሙትም ይበርደዋል።»

ሻና ስትገባ ቴስ ሮጣ አላቀፈቻትም። መጀመሪያ ጉንጯን በአንድ ጣት ነካችው። ቀዝቃዛ ነበርና ጣቷን ሰበሰበች። ደግማ ነካችው። ከዚያ ነው የተጠመጠመችባት።

«ድዋይትስ?» አልኳት።

«መንገዱ ጥግ ላይ፣ መኪናው ውስጥ። እያለቀሰ ነው፤ ሲመጣ እንዳላወቃችሁ ሁኑ።»

ከዚያ ዶሪንን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ፓንኬኩ አርሯል።»

«አርሯል።»

«ሰኞ ስምሽን እናስጽፋለን።»

ሰኞ ፈረሙ፤ ቤቱንም በአደራው ስም አዞሩት። ብዙ ሰው ሰነዱን ፈርሞ ቤቱን ማዞሩን ይረሳዋል ብለዋቸዋል ጠበቃዋ። እኔና ባለቤቴም ቀጠሮ ይዘናል። እሱ ወንድሙን ነው የሚለው። እኔ ግን ዶሪን አንድ ልጅ መጨመር ትችል እንደሆነ ልጠይቃት አስቤያለሁ።