ከማሞቂያው እግር ሥር

ዞራይዳ ብሮንክስ ውስጥ ከአንድ ያረጀ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ መኖር የጀመረችው ልጇ ያሃይራ ሳትወለድ ነው። የሳሎኑ ማሞቂያ ብረት ያኔም አርጅቶ ነበር። ክረምት ገብቶ እንፋሎቱ ከምድር ቤት ሽቅብ ሲመጣ ጓ! ጓ! ጓ! ይላል፤ እንግዳ ሰው ቧንቧው ውስጥ አንድ እብድ መዶሻ ይዞ የገባ ይመስለዋል። ዞራይዳ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖራለች።

ዘንድሮ የልጅ ልጅ መጣች፣ አሎንድራ። ያሃይራ ሰኞ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው፤ ሕፃኗን ማን ይያዝ? ዞራይዳ "እኔ እያለሁ!" ብላለች። ጣጣው፣ የያሃይራ ባል እናትም ኒው ጀርሲ ውስጥ ጸጥ ያለ አዲስ ቤት አላት። ባለፈው እሑድ ደግሞ አሎንድራ ገና ዓይኗን ስትከድን ይሄ የተረገመ ብረት ጓ! አለ። ልጅቷ በርግጋ ነቃችና ቤቱን በለቅሶ አናወጠችው።

"እማዬ፣ ቅዳሜ አንዴ እንሞክራለን" አለች ያሃይራ ካፖርቷን እየቆለፈች። "ከተኛች ተኛች። ካልሆነ ኒው ጀርሲ ትሄዳለች። እንዳትቀየሚኝ።"

"ምን ያስቀይመኛል!" አለች ዞራይዳ። ተቀይማ ነበር። በሩ እንደተዘጋ ኩሽና ገብታ ምርር ብላ አለቀሰች።

ቅዳሜ ጠዋት የሕንፃውን ጥገና የሚሠራውን አልባኒያዊ፣ ጂዮንን፣ ከምድር ቤት ጎትታ አመጣችው። ብረቱ ገና አልሞቀም። ጂዮን ተንበረከከና ራሱን ነቀነቀ።

"ይህን የእንፋሎት መዝጊያ ማነው ግማሽ ላይ ያቆመው?"

"ባሌ ነዋ! ሲሞቀው ያጠብባል፣ ሲበርደው ያሰፋል።"

"ወይ ሙሉ ይከፈታል ወይ ሙሉ ይዘጋል፣ እመቤቴ። መሀል ቤት ከሆነ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ የሚሆነው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ከዚያ እንፋሎቱ እያላተመ ይደበድበዋል።" የሕፃኗን ኳስ አንስቶ ወለሉ ላይ ቢያስቀምጣት ተንከባልላ ወደ መስኮቱ ሄደች። "ያውልዎ፣ ወለሉም ሰምጧል። ውሃው ወደ ቧንቧው መመለስ ሲገባው እዚያ ማዶ ይተኛል። በዚያ በኩል ከፍ እናርገው።"

መዝጊያውን ሙሉ በሙሉ ከፈተና የብረት ዘንግ ከሥር ሰክቶ ማሞቂያውን ወደ ላይ ፈነቀለው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

"ጠንካራ ነገር ያቀብሉኝ! ቶሎ! ወገቤ ተቆረጠ!"

ዞራይዳ ዙሪያዋን ቃኘች። ምንም የለም። መደርደሪያው ላይ የባሏ የኒካኖር የዶሚኖ ሳጥን ታያት። ከተወለደበት ከተማ ከፖንሴ ሲመጣ በብብቱ ይዞት የመጣ፣ አቧራውን እንኳ ሌላ ሰው እንዲያራግፍለት የማይፈቅድ ዕቃው ነው። እጇን ሰድዳ ሁለት ጠጠር አፈሰች።

"እንዴ፣ ይሄ ዶሚኖ አይደል?"

"ዝም ብለህ አስገባ!"

ከሰዓት በኋላ ያሃይራ ሕፃኗን አስተኛችና ካፖርቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እንፋሎቱ መጣ። ዞራይዳ ዓይኗን ከብረቱ አልነቀለችም። እስስ... አለ፣ እንደ ድስት ክዳን። ደግሞ እስስ... ሌላ ምንም የለም። አሎንድራ ከንፈሯን መጠጥ መጠጥ አድርጋ እንቅልፏን ቀጠለች።

ይህን ጊዜ ኒካኖር ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ ገባ፤ ቅዳሜ ያለ ዶሚኖ አያልፍም። ጠጠሩን አከፋፈሉ። ድርብ ስድስት የደረሰው ነው የሚጀምረው። ማንም ዘንድ የለም።

"ድርብ ስድስቴን ማን..." ብሎ ሲጮህ ዞራይዳ አፉን በመዳፏ ከደነችው። በሌላ እጇ መጀመሪያ ሕፃኗን፣ ቀጥላ ማሞቂያውን አሳየችው።

ኒካኖር በሆዱ ተኝቶ ከብረቱ ሥር ተመለከተ። ያሃይራ ካፖርቷን ጨበጥ አደረገች። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና በሹክሹክታ፣

"እዚያው ይሁን" አለ። "አንቺ ሴትዮ ግን፣ በዓለም ላይ ሌላ ጠጠር ጠፍቶ ነው?"

ከኩሽና ብስኩት አመጣና ሁለቱ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ነጥብ አደረገባቸው።

"ሲርበው እንዳይበላብን ጠብቁት" አለ አንዱ ጓደኛው።

ኒካኖር ዶሚኖ ሲጥል በጠረጴዛው ላይ ያጮኸዋል፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በመጥረጊያ ዘንግ ጣሪያውን እየነረተ የሚሰድበው በዚሁ ነው። አሁን ብስኩቱን እንደ እንቁላል በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ አሳረፈው። አራቱ ሽማግሌዎች ሳቃቸውን አፍነው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

ያሃይራ አባቷን አይታ ፈገግ አለች። ተነሥታ ካፖርቷን በር ኋላ ሰቀለችው። ከቦርሳዋ የሕፃኗን እርጥብ ካልሲዎች አውጥታ ማሞቂያው ላይ አሰጣቻቸው፤ የእሷም የልጅነት ካልሲ የደረቀው እዚያ ነበር።

"ካልሲዎቹ እዚሁ ይቆዩ፣ እማዬ። ሰኞ ታደርጊላታለሽ።"

ዞራይዳ ቀርባ ካልሲዎቹን በደንብ ዘረጋቻቸው።